ፌጦው ከበርበሬው ጎን

ጋሽ ሠርፀ ፊቱን ታጥቦ ሲጨርስ ቁጭ ይላል፤ ሸሚዙን ለብሶ ደግሞ ያርፋል፤ እስከ ግቢው በር ደርሶ ሲመለስ አልጋው ላይ ይወድቃል። የቀኑ ጉልበት በዚሁ ያልቅና ምሳውን ማላመጥ ያቅተዋል። በሰፈራችን በጉዴሌ ስንቱን የብረት በር የበየደ ሰው ነው።

በአንድ ግቢ ነው የምንኖረው። በሽታው የደም ካንሰር ነው። ካምፓላ ታክሞ ተሽሎት ነበር፤ በዓመቱ አገረሸበት። ያኔ ሐኪሞቹ ስለ አንድ ጥናት ነገሩት፤ ለየብቻቸው ያልበቁ ሁለት መድኃኒቶችን አንድ ላይ እየሰጡ የሚሞክሩበት። ሌላ መንገድ አልነበረውምና ፈርሞ ገባ።

«የሩሃማ እናት፣ አይጥ ሆንኩልሽ እኮ፤ ድመቷን ብቻ አባሪልኝ» አለኝ።

ብዙም ሳይቆይ ደሙ መስተካከል ጀመረ። ብየዳ ቤቱ ሄዶ ሠራተኞቹን እስከ መቆጣት ደረሰ። እኔማ በቃ ተረፈ ብዬ ነበር።

ሚስቱ አልጣሽ ጠዋት ጠዋት ፌጦ በነጭ ሽንኩርትና በሎሚ ታጠጣዋለች። ለቀጠሮ ካምፓላ በሄደ ቁጥር የጥናቱ ነርስ ሌላ መድኃኒት ትወስዳለህ ወይ ስትለው አልወስድም ይላል። አልዋሸም። እኛ ቤት ፌጦ ከበርበሬው ጎን የሚቀመጥ ነገር ነው።

ኋላ ጉበቱ ተጎዳ። ሐኪሙ የሚበላውን የሚጠጣውን አንድ በአንድ ሲጠይቀው ፌጦው ወጣ። ጉበቱን የጎዳው የእነሱ መድኃኒት ይሁን የእኛ ፌጦ መለየት አልተቻለምና ከጥናቱ አስወጡት። አልጣሽ ባላት እንግሊዝኛ «ዶክተር፣ ፉድ ነው፣ ፉድ» እያለች ለመነች። አምንሻለሁ አላት፤ ውሳኔው ግን አልተለወጠም።

በኒሙሌ ድንበር በኩል ወደ ቤት ተመለሱ። ካስተም ከሚባለው ሰፈር ሊጠይቁ የሚመጡት ዘመዶች አልጋው አጠገብ ተቀምጠው፣ እሷ እየሰማች፣ ባሏን በእጇ አስባረረችው ይላሉ። አንዷማ ምን አጠጣሽው ብላ ፊት ለፊት ጠየቀቻት። አልጣሽ አሁን እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ትገባለች፤ እሱ ውኃ ሲፈልግ የሚያቀብለው ያጣል።

እኔ ናይሮቢ ሌላ ጥናት ይኖር እንደሆን እያጠያየቅኩ ነው፤ ገና ተስፋ አልቆረጥኩም። ታሪኩን ልጽፈው ነው ስለው ጋሽ ሠርፀ፣ ለሚያነቡት ይህን ንገሪልኝ አለ፤

«ልትጠይቁኝ ስትመጡ አልጣሽን ምን አጠጣሽው አትበሏት። የጠጣሁት እኔ ነኝ። የቀረኝን ጊዜ ከእሷ ጋር ልቀመጥበት።»