የሲስተር ይርጋነሽ የሞጣ ቁጣ

ሲስተር ይርጋነሽ ስትቆጣ ያላየ ሰው ቢቸናን አየሁ አይበል! ከጤና ጣቢያው ግቢ የተነሣ ድምፅዋ እህል ተራ ድረስ ይሰማል። ቁጣዋ ደግሞ ከክፋት አይደለም፤ በሽተኛ ሲጎዳ ስታይ ነው ደሟ የሚፈላው። የአእምሮ ጤና ነርስ ናት። ሥራዋ የተጨነቀን ሰው አስቀምጦ ማነጋገርና ማማከር ነው።

ቢቸና ላይ የታወቀ ዘዴ ነበራት። ባሏ የሞተባት ሴት አርባው ወጥቶም ከቤት አልወጣ ካለች፣ ይርጋነሽ በገበያ ቀን ቤቷ ትሄድና ክንዷን ይዛ ታወጣታለች። «ፀሐይ ይንካሽ እንጂ እህቴ!» እያለች ከጤፍ ሻጭ ጋር ታከራክራታለች፣ በበግና በፍየል መሀል ታጋፋታለች። ስንቷ በዚህ ተነሥታለች መሰላችሁ! ስለዚህ ወደ ሞጣ ስትዛወር ይህንኑ ዘዴዋን ይዛ ሄደች።

እዚያ እንደገባች አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስለ ሩቅያ ነገረቻት። ሩቅያ ገና ወጣት ናት፤ ልጅ በወለደች በወሩ ባሏ በመኪና አደጋ ሞቶባታል። ከዚያ ወዲህ ደጅ አልታየችም። እህል አይወርድላትም፤ ጨቅላዋንም አታጠባም፤ በጡጦ የሚመግቡት አያቱ ናቸው። ይርጋነሽ ይህን ሰምታ ሻይዋን እንኳ አልጨረሰችም፤ ባጃጅ ይዛ በረረች።

በሩን የከፈቱላት የሟቹ እናት፣ ጨርቅ ነጋዴዋ እማማ ዘምዘም ናቸው።

«ሩቅያን ላወጣት ነው የመጣሁ» አለች።

«የት ነው የምታወጫት? ዒዳ ላይ ናት። አራት ወር ከአሥር ቀኗ ሳይሞላ አትወጣም።»

ይርጋነሽ የቄስ ልጅ ናት፤ ያደገችበት ሰፈር ሙስሊም ጎረቤት አልነበረበትም። ዒዳ የሚለውን ቃል ሰምታም አታውቅ። ከሴትዮዋ አፍ የሰማችው «አትወጣም» የሚለውን ብቻ ነው።

«ወጣት ሴት ዘግታችሁባት ስትሞት ልታዩ ነው? አሁኑኑ ፖሊስ ነው የማመጣ!»

«አምጪ! ከነመኪናው አምጪ!»

ይርጋነሽ አልፋቸው ገባች። ሩቅያን ከመጋረጃ ኋላ ተኝታ አገኘቻትና እንደ ልማዷ ክንዷን ይዛ አነሣቻት። በሩ ጋ ሲደርሱ ልጅቷ ጮኸች።

«ልቀቂኝ! ማን አሰረኝ አለሽ? እኔው ነኝ የተቀመጥኩ! የባሌ ሐቅ ስላለብኝ ነው! አንቺ ምን አግብቶሽ ነው በሰው ፊት የምትጎትችኝ?»

ጎረቤት ተሰበሰበ። እማማ ዘምዘም ምራታቸውን ነጥቀው አስገቡ። «ሁለተኛ ይኼን ደጅ እንዳትረግጪ!» አሉና በሩን በይርጋነሽ አፍንጫ ላይ ድርግም አደረጉት።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ አቶ ይታያል ወሬው ቀድሟት ደርሶት ሲስቅ ጠበቃት። «ሲስተር፣ ቢቸና መሰለሽ እንዴ? ዒዳ እኮ ባሏ የሞተባት ሙስሊም ሴት ቤቷ ሆና የምትፈጽመው ግዴታ ነው። ማንም አላሰራትም። ባህላቸው ነው፣ ተያቸው፤ ጊዜው ሲሞላ ትወጣለች።»

እፍረቱ ከእግር ጥፍሯ እስከ ጆሮዋ አቃጠላት። ቀጥሎ ግን ያ «ተያቸው» የሚለው ቃል ደግሞ አንገበገባት።

«ተያቸው? ዒዳ አትብዪ ይላል? ልጅሽን አታጥቢ ይላል? እኔ ጎትቼ ሳወጣት አጠፋሁ፤ አንተ ደግሞ ባህላቸው ነው እያልክ በሩን ከውጭ ልትቆልፍባት ነው!»

«እሺ፣ አትጩሂብኝ።»

«እጮሃለሁ!»

ጮኸችም። ግን የቱ የዒዳው፣ የቱ የበሽታው እንደሆነ እሷም አታውቅም፤ ይታያልም አያውቅም። በማግስቱ ጠዋት እማማ ዘምዘም ጨርቅ የሚሸጡበት ቦታ ሄዳ ቆመች። ሴትዮዋ አቡጀዲ እየለኩ ቀና እንኳ አላሉም።

«ፖሊሱ የታለ?»

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። የማላውቀውን ደፈርኩ። ዒዳ ምን ምን እንደሚከለክል እርስዎ ይንገሩኝ።»

«አሁን ነው የሚጠየቅ? መጠየቅ ከመጎተት በፊት ነው!» መቀሱን ጨርቁ ላይ ለቀቁበት። «አትኳልም፣ ሽቶ አትቀባም፣ አታጌጥም፣ ካልቸገራት ከቤት አትወጣም። ምግብ ማን ከለከላት? ሕክምና ማን ከለከላት? እኔ እንኳ ልጄን ቀብሬ እበላለሁ!»

«ልጁን አለማጥባቷስ?»

መቀሱ ቆመ። «እሱማ ልጄ በሕይወት እያለም ነበር። ከወለደች ጀምሮ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው የምትተኛ። ኩራት መስሎኝ ተውኳት።»

ይርጋነሽ ራሷን በጥፊ ብትመታ ደስ ባላት! ወላድን የሚይዝ የመንፈስ ጭንቀት እንዳለ ጠንቅቃ ታውቃለች። ግን ሐዘን ቤት ስትገባ ያየችው ሐዘኑን ብቻ ነው፤ ስለ ወሊዱ አንዲት ጥያቄ አልጠየቀችም።

«ቤት ልምጣ? አላወጣትም፤ አጠገቧ ልቀመጥ ብቻ።»

«እጅሽን ኪስሽ ከትተሽ ከሆነ ነይ።»

ሩቅያ ስታያት ፊቷ ጠቆረ። «ደግሞ መጣሽ? ክንዴ እስካሁን ያመኛል።»

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለችና ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ዝም አለች። ይርጋነሽ ዝም! ምላሷን ነክሳ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል? ከቆየች በኋላ በቀስታ ጠየቀች፦ «ልጁ ሲወለድ እንዴት ነበርሽ?»

ሩቅያ ድንገት ተነሥታ ተቀመጠች።

«ማን ጠየቀኝ? ሁሉም ማሻአላህ ወንድ ነው ብሎ ገንፎውን በልቶ ሄደ! ልጁን ስይዘው እጄ የኔ አይመስለኝም። ልጥለው ያሰኘኛል። ባሌ ሲሞትማ ለሰው ሁሉ ተመቸው፣ አዝና ነው አለ! አንቺም አዝና ነው ብለሽ መጣሽ!»

«አዎ፣ ብዬ ነበር። ልሙት ብለሽስ አስበሽ ታውቂያለሽ?»

«ትናንትም አስቤያለሁ።»

መጋረጃው ተገለጠ። እማማ ዘምዘም ሕፃኑን እንዳቀፉ ገቡ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልጅዎን ለቀበሩ እናት ምን ብዬ ልንገር?»

«አንቺስ ልጄ አይደለሽም?»

«ታዲያ ይጠይቁኛ!»

ሁለቱም እየጮሁ አለቀሱ፣ እያለቀሱም ጮሁ፤ ሕፃኑም ተጨመረበት። ይርጋነሽ አንዳቸውንም ዝም በሉ አላለች። ሲደክማቸው ይርጋነሽ በነጋታው ሐኪም ይዛ መጥታ እዚያው ቤት መድኃኒት እንደምታስጀምራት፣ እስኪሻላትም ሩቅያ ብቻዋን እንዳትሆን፣ ልጁን ስትይዝም አያቱ አጠገቧ እንዲቀመጡ ተስማሙ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ሐሙስ ይርጋነሽ ትመጣለች።

ልትወጣ ስትነሣ ሩቅያ ጠራቻት።

«ሐሙስ እንዳትቀሪ! ከቀረሽ፣ ዒዳዬ ሲያልቅ መጀመሪያ የምወጣው ጤና ጣቢያሽ ድረስ መጥቼ አንቺን ልሰድብ ነው።»