የልጁ ቋንታ

የመስቀል ዋዜማ የሰፈራችን የቅርጫ በሬ ታርዶ የየሰዉ መደብ በእንሰት ቅጠል ላይ እየተደለደለ ነበር። ሥጋ እስኪከፋፈል ወሬ ያስፈልጋል፤ የሰሞኑ ወሬ ደግሞ በቴሌቪዥን የምናየው የሩቅ አገር ጦርነት ነው። እኔ እዚሁ ሶዶ ታሪክ አስተምራለሁ። ሰው ሲከራከር ዝም ማለት አይሆንልኝም።

የባንክ ሠራተኛው ጎረቤቴ ጀመረ። ጦርነቱን ያመጣው አገሮች እርስ በርስ የተገባቡት ቃል ኪዳን ነው አለ፤ አንዱ ሲነካ ሌላው ተጎትቶ ይገባል። የዓለም መንግሥታት ሸንጎም ቢሆን አንድ ኃያል አገር ብቻውን ውሳኔ ውድቅ ማድረግ ባይችል ኖሮ ያስቆመው ነበር። ጥሩ ነጥብ ነው። እኔ ግን ማሸነፍ ፈለግሁ።

«ሸንጎውን ተወው ባክህ» አልኩት። «መሪ ጦርነት የሚከፍተው ቤቱ ሲታመስበት ነው። ኑሮ ሲወደድ፣ ወንበሩ ሲነቃነቅ፣ ሕዝቡ ወደ ውጭ እንዲያይለት ጠላት ያዘጋጃል። ወታደሩ ለአገሩ የሚሞት ይመስለዋል እንጂ የሚሞተው ለሰውዬው ወንበር ነው።»

ሰዉ ሳቀ። ያልሳቀው ሥጋውን ሲበልት የነበረው ግንበኛ ነው። ከቢጠና መጥቶ እዚህ የከተመ፣ የአጥር ጎረቤቴ፣ አንድ ልጁ ወታደር የሆነበት ሰው። እኛ ዘንድ መስቀልን ከቤት ርቆ መዋል ከባድ ነው፤ ስለዚህ በየዓመቱ ሁለት መደብ ይገባል። የልጁን ድርሻ ቋንታ አድርጎ ጣሪያው ሥር ይሰቅልለታል። ይህን አሳምሬ አውቅ ነበር።

«ቲቸር፣ የኔ ልጅስ?» አለኝ። «እሱ ለማን ነው የሄደው?»

የማወራው ስለ ሌላ አገር ነው ማለት እችል ነበር። የባንክ ሠራተኛው ግን ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

«ጋሼ፣ ነገሩ የትም ያው ነው» አልኩ።

ቢላውን በቅጠሉ ጠረገ። ከዚያ የልጁን መደብ በገዛ እጁ ቆራርጦ በየሰዉ ድርሻ ላይ ጨመረው። ተው ያለው የለም። እኔም ድርሻዬን ተሸክሜ ቤቴ ገባሁ።

ከሰዓት በኋላ ግንበኛው በአጥሩ ላይ ስልኩን አቀበለኝ። «ልጄ ነው። አንተ አናግረው፤ እኔ የምለው ጠፋኝ።»

ልጁ ተማሪዬ ነበር። «እንኳን አደረሰዎት ቲቸር» አለኝ፤ ድምፁ እየተቆራረጠ ነው የሚመጣው። «አባቴ ዝም አለኝ እኮ። ቋንታዬን አልሰቀለም እንዴ?»

ከኋላዬ ባለቤቴ ሥጋውን ስትከትፍ ይሰማኛል።

«ሰቅሎልሃል» አልኩት። አባቱ ፊቴን ሳያይ ስልኩን ተቀበለኝ።

ሮጬ ገብቼ ከመከተፍ የተረፈውን ይዤለት ሄድኩ። በሩ ላይ ቆሞ «ለልጆችህ ይሁን፣ ጌታ ይባርክህ» ብሎ መለሰኝ። ቁጣ አልነበረውም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ አፍሬ ተመለስኩ።

ሥጋውን ዘልዝዬ እኔው ቤት ሰቀልኩት። እስካሁን አለ፤ ልጆቼን እንዳትነኩ ብያቸዋለሁ። ልጁ ፈቃድ አግኝቶ ሲመጣ ግን የሚገባው አባቱ ቤት ነው። ገና ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ቀና ብሎ ጣሪያውን ያያል።