በሞት ወረቀት የተሻገረው ልጄ

መቼ እንደሆነ ልክ ቀኑን አላስታውስም። ገብሱ ታጭዶ ጤፉ ገና ቆሞ ነበር፤ ስለዚህ ኅዳር ሳይሆን አይቀርም እላለሁ፣ ባለቤቴ ግን ታኅሣሥ ነው ትላለች። በዓመቱም አንስማማም። ወዲያ ማዶ ሱዳን ውስጥ ተኩስ ከተነሣ በኋላ መሆኑን ብቻ ሁለታችንም እናውቃለን። የቀረውን ግን ዛሬም ዓይኔን ስከድን አየዋለሁ።

ስልኩ የተደወለው በጠራራ ፀሐይ ነው። እኔ አውድማ በእበት እየለቀለቅሁ እጄ ስላልጸዳ ባለቤቴ አነሣችው። ጥቂት ሰማችና መሬት ላይ አስቀመጠችው፤ ከዚያ ራቅ ብላ ቆመች። እጄን በሣር ጠርጌ ጆሮዬ ላይ ሳደርገው፣

«አባዬ፣ እኔ ነኝ፤» አለኝ።

የልጄ ድምፅ ነበር። ልጄ ደግሞ ሞቷል።

ለሰሊጥ አረማ ወደ መተማ ቆላ የወረደው ከሦስት ክረምት በፊት ነው። ከዚያ ድንበሩን አልፎ ወደ ገዳሪፍ ገባ ተባለ፣ ወሬውም ጠፋ። ኋላ አብሮት የወረደ የአገራችን ሰው ጋቢውን ታቅፎ መጣ። ንዳድ ጥሎት እዚያው ተቀበረ ብሎ መርዶውን ነገረን። ጋቢው እናቱ የፈተለችው ነው፤ ጠርዙን የቋጨችው እሷ ስለሆነች አገላብጣ ማየት እንኳ አላስፈለጋትም። በእኛ አገር ሬሳው ሩቅ የቀረ እንደሆነ በልብሱ ይለቀሳል። ጋቢውን አልጋ ላይ ዘርግተን፣ ዱላውን ከላይ አጋድመን አለቀስን። ፍትሐት ተፈታለት፤ አርባው ወጣ፤ ተዝካሩንም እንደ አቅማችን ደገስን። በስሙ የነበረችው መሬት ወደ እኛ ደብተር እንድትዞር የሞት ማስረጃ ያስፈልጋል ስባል ቀበሌ ሄጄ ፈረምሁ። ፎቶግራፉ የተለጠፈበት፣ ክብ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሰጡኝ።

አሁን ይኸው ልጅ ጋላባት ነኝ ይለኛል። ከድንበሩ ድልድይ ወዲያ ማዶ፣ አንዲት ሻይ የምትሸጥ ሴት ዘንድ። ወረቀት ስለሌለኝ አላሳልፍ አሉኝ፣ አቅሜም አልቋል ይለኛል።

ባለቤቴ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። «ፍትሐት የተፈታለት ሰው አይደውልም፤» አለች። ድምፁን የወሰደ ሌላ ነገር ነው ብላ ስልኩን እንስራ ሥር ደበቀችው። እኔ ግን ቢሆንስ የሚለው ነገር ከሆዴ አልወጣ አለ። ልጄ ከሆነና ከዚያ ድልድይ ማዶ ከቀረ፣ ሁለተኛውን ጊዜ የገደልሁት እኔ ነኝ። የንስሐ አባታችን ዘንድ ሄድሁ። እሳቸውም፣ «ሂድና እየው። በክርስትና ስሙ ጥራው። ክፉ ነገር ከሆነ በዚያ ስም ፊትህ አይቆምም፤» አሉኝ።

አስቀድሜ ቀበሌ ሄድሁ። መታወቂያ ይጻፍለት ብዬ ለመንሁ። የመዝገብ ቤቷ ልጅ ስሙን ፈልጋ አገኘችው፤ ከሕያዋን ወጥቷል፣ እርስዎም ፈርመዋል አለችኝ። መልሶ ለመግባት ራሱ መቅረብ አለበት። ለመቅረብ ደግሞ ወረቀት ያስፈልገዋል። ይኸን ስነግራት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ክፉ ልጅ አልነበረችም። ጎንበስ ብላ ቀስ ባለ ድምፅ፣ እውነት የሱ ድምፅ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ነው ስላት አማተበች።

ስለዚህ ቤት ውስጥ ማኅተም ያለበትን ሁሉ ሰብስቤ በአንድ ፌስታል አደረግሁ። መታወቂያዬን፣ የመሬት ደብተሩን፣ የግብር ደረሰኝ፣ የእድር ደብተር። ዳዊት እደግማለሁ እንጂ የቢሮ ወረቀት አንብቤ መለየት አይሆንልኝም። የትኛው እንደሚጠየቅ በምን አውቃለሁ? ማኅተም ካለበት ይጠቅማል ብዬ ነው። የአንዲት ጊደር ዋጋም በጋቢዬ ጫፍ ቋጠርሁ።

ከደብረ ታቦር ወረታ፣ ከወረታ ጎንደር። ጣራ ገዳምን በሩቁ ተሳልሜ ስለት ተሳልሁ። ከጎንደር ወደ ቆላ በሚወርደው መኪና ውስጥ ለምን እንደምሄድ ሳልናገር፣ ድንበር ላይ ሰው ወረቀት ከሌለው እንዴት ነው ብዬ ብጠይቅ መኪናው ሙሉ መካሪ ሆነ። አንዱ ብሩን መታወቂያዎ መሐል አጥፈው ይስጡ አለ። ሌላው ይኸን ያደረገ አጎቴ ጉቦ ሊሰጥ ነው ተብሎ ታስሯል አለ። ሦስተኛው እየሳቀ፣ አባባ ዝም ብለው ቆብዎን ያውልቁ፣ ሽበት ከብር ይሻላል አለኝ። እኔ በዕድሜዬ ጉቦ ሰጥቼ አላውቅም። የፈራሁት ኃጢአቱን ብቻ አይደለም፤ እጅ እንዴት እንደሚዘረጋ እንኳ አላውቀውም። ላልጠየቀ ሰው ብሰጥ እታሰራለሁ፤ ለጠየቀ ባልሰጥ ልጄ ይቀራል። መንገዱን ሁሉ እጄ ከቋጠሮው አልተለየም።

መተማ ሙቀቱ የምጣድ ፊት ነው። በሁለቱ አገር መካከል ያለው ደረቅ ወንዝ፣ በላዩም ድልድይ ነው። ወደዚያ መሻገሩ አላስቸገረኝም፤ የኛ ወገን ዘበኛ መታወቂያዬን አይቶ፣ ነገ እመለሳለሁ ስለው ብጣሽ ወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። ማዶ ግን ከጦርነት የሸሸ ሰው በየጥላው ተኝቷል። ያን ያህል ሰው ተሰብስቦ ድምፅ የሌለበት ቦታ አይቼ አላውቅም። ሕፃን እንኳ አያለቅስም።

ሻይ ሻጯ ከገለባ በተሠራ ዳስ ውስጥ ነበረች። በዕድሜ ከኔ ጥቂት ታንስ ይሆናል፤ እንደ ሱዳኖቹ ረጅም ጨርቅ ተጠቅልላለች፤ አፏን ስትከፍት ግን የኛው ወገን፣ የይፋግ ሰው መሆኗን አወቅሁ። «ወንድምዓለም፣ ይቀመጡ፤ ቆይተዋል ሲጠበቁ፤» አለችኝ። በጣቷ ከኋላ አሳየችኝ። አንገረብ በሚሉት የገመድ አልጋ ላይ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶን ተቀምጧል። ባዶ እግሩን ነው። አንገቱ እንደ ወፍ አንገት ቀጥኗል።

በክርስትና ስሙ ጠራሁት። ዞሮ አላየኝም። ሁለተኛ ስጠራው ጆሮዎቹን ያዘ።

«አባዬ፣ በሱ አትጥራኝ፤» አለ። «አንድ ቀን በሱ ተጠርቻለሁ።»

ቀስ በቀስ ነገረኝ። ንዳድ ጥሎት ሐኪም ቤት ሲተኛ ለዚያ ጓደኛው ሞቷል ብለው ነግረውት ኖሯል፤ ጋቢውን ይዞ የመጣው በዚያ ነው። ልጄ ድኖ ወደ እርሻው ተመለሰ። አንድ ቀን በቀትር ሲያርም፣ ከደጋው ወገን ብዙ ሰው ባንድ ድምፅ ያን ስም ሲጠራ ሰማ። ቆላ ውስጥ ያን ስም የሚያውቅ ሰው የለም። ቀና ቢል ሰሊጡና ፀሐዩ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ፣ አለኝ፣ አሠሪው ሰው ሲቆጥር እሱን ይዘለው ጀመር። ወጥ የሚያድለው ጭልፋውን ይዞ ያልፈዋል። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም፤ እዚህ ነኝ ሲላቸው ደንግጠው ይቅርታ ይሉታል፣ በማግስቱ እንደገና ይረሱታል። ውሾች እንኳ አይጮሁበትም ነበር። ስሙን የሰማው ክረምቱ አጋማሽ ላይ፣ አንድ የእሑድ ቀን ነው አለኝ። በልቤ ቆጠርሁት። ፍትሐት ያስፈታንበት እሑድ ነው። ይኸን አልነገርሁትም።

ይኸን ስንነጋገር አንድ ደላላ መጣና ያለ ግብዣ ቁጢጥ አለ። ለሕያው ሰው ይኸን ያህል ይከፈላል ብሎ ዋጋውን ተናገረ፤ የቋጠርሁትን ሦስት እጥፍ ነው። «ለሬሳ ግን ማንም አይጠይቅም፤» አለ ልጄን እያየ። «እሱም ብዙ አልቀረው። አንገረቡ ላይ እናስተኛውና ጨርቅ እናልብሰው፤ አራት ሰው አመጣለሁ፤ ለሸክም ብቻ ይከፍላሉ።»

ሻይ ሻጯ ከጀበናዋ ቀና አለች። «አንተ ራስህ መቼ ነው የምትሞተው፣ በነፃ እንድንሸከምህ?» ስትለው ዙሪያው ያለ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

እኔ ግን አልሳቅሁም። «አንዴ አልቅሼበታለሁ፤ ሁለተኛ አላስተኛውም፤» አልሁት። ደላላው ነገሩ አልገባውም፤ ተነሥቶ ሄደ። እሷ ገባት። ልጄ እስኪተኛ ጠብቃ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ የአንቱስ ደግ ነው፣ ጋቢ እንኳ መጣልዎት አለችኝ። የሷ ልጅ ወደ በረሃው ከሄደ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ሞተም ዳነም የሚል አልመጣ፣ ጨርቁም አልመጣ። በምን ላይ ላልቅስ ብላ ሳታለቅስ እንደቀረች ነገረችኝ።

በማግስቱ የልጄን ክንድ ይዤ ድልድዩ ላይ ሰልፍ ገባሁ። ጠዋት ብንሰለፍም ተራው ሳይደርሰን ቀትር ሆነ። እኛ አገር በቀትር ወንዝ አጠገብ አይቆምም፤ ዳዊቱም የቀትሩን ጋኔን ያውቀዋል። ፀሐይዋ ካናታችን በላይ ቆመች። የልጄን ጥላ ፈለግሁ፤ የለም። ደንግጬ የኔን ብፈልግ እሱም የለም፤ ሁሉም በሰልፉ ሰው እግር መሐል ጠፍቷል። በዚህ ትንሽ ተጽናናሁ።

ዘበኛው ወጣት ነው፣ ዓይኑ ከድካም ቀልቷል። እጁን ዘረጋልኝ። ወረቀት ይሁን ሌላ ነገር የፈለገው አልለየሁም፤ ግራ እጄ ቋጠሮውን እንደያዘ በቀኜ ፌስታሉን እንዳለ ሰጠሁት። አንድ በአንድ አወጣ። የእድር ደብተሩን ሲያይ ፈገግ ሊል ምንም አልቀረው። ከዚያ አንዲት ወረቀት ላይ እጁ ቆመ። ፎቶግራፉን ሳይ ነው ምን እንዳመጣሁ ያወቅሁት።

ወረቀቱን አነበበ። ልጄን አየ። እንደገና አነበበና ፎቶግራፉን ከልጄ ፊት ጎን አስጠጋው። ስምህ ማነው ብሎ ጠየቀው። ልጄ ወንዙን ያያል።

«አባቴ፣ ይኼ ሰው ሞቷል ነው የሚለው።»

«አዎ፣ ልጄ።»

«ይኼኛውስ ማነው?»

«እሱው ነው።»

ዘበኛው ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ እጁ ሳያውቀው አንገቱ ላይ ወዳለው ማዕተብ ሄደ። አለቃውን ሊጠራ ነው ብዬ ቋጠሮውን መፍታት ጀመርሁ። ጣቶቼ እምቢ አሉ። በጥርሴ ልፈታው ስል ነው ከኋላዬ ያ ድምፅ የተነሣው።

ሻይ ሻጯ ነበረች። በየቀኑ ስኳር ለመግዛት ስለምትሻገር ያን ቀንም ከኛ ኋላ ተሰልፋ ነበር። ጀበናዋን መሬት አስቀምጣ፣ ሁለት እጇን ማጅራቷ ላይ አድርጋ፣ እንደ ይፋግ ሴት ለቅሶውን አወጣችው። የኔ ዓለም፣ ሳልቀብርህ፣ ጨርቅህን ሳላይ ትላለች። ሰልፉ ሁሉ እንዳለ ቀጥ አለ። ከዚያ ሴቶቹ ነጠላቸውን አደግድገው ተቀበሏት፤ ወንዶቹ የተቀመጡት ተነሡ፣ ቆብ ያደረጉት አወለቁ። ያ ድምፅ ያልነበረው ሰው ሁሉ የየራሱን ያለቅስ ጀመር። ሰልፉም ሬሳ ሲያልፍ እንደሚደረገው ግራና ቀኝ ተከፈለ።

ዘበኛው ቆቡን አወለቀ። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ፌስታሉ ውስጥ መልሶ በሁለት እጁ ሰጠኝ።

«ነፍስ ይማር፣ አባቴ። ይለፉ።»

ልጄን ግን አላየውም። ማንም አላየውም። በመሐላቸው ስናልፍ ራሳቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ልጄ በእግሩ፣ በገዛ ለቅሶው መሐል ተራመደ። ክንዱ እጄ ውስጥ እንዳለ ደጋግሜ ጨበጥሁት።

ከድልድዩ ጫፍ ስንደርስ ሻይ ሻጯ ፊቷን እያበሰች ደረሰችብን። እቴ፣ ሐሰት አይሆንብንም ወይ አልኋት።

«ምን ሐሰት አለው? የራሴን ነው ያለቀስኩት፤ እናንተ መሐል ገባችሁ እንጂ።»

ቋጠሮውን እሷው ፈታችልኝ። ብሩን ስሰጣት እጄን ገፋች፤ ጫማ ይግዙለት አለችኝ። ስኳሯን ልትገዛ ሄደች።

መኪናው ወደ ጎንደር ሲወጣ ብርዱ ገባ። ልጄ ከእንቅልፉ ነቅቶ፣ «አባዬ፣ ድልድዩ ላይ ማን ነበር የሞተው?» ብሎ ጠየቀኝ። የማናውቀው ሰው ነው አልሁት።

ባለቤቴ ከደጅ ቆማ ጠበቀችን፤ አልተጠጋችም። ያን ጋቢ በሩቁ ወረወረችለት። እሱም ተከናነበና እንደ ድሮው ጠርዙን ወደ ግራ ጆሮው ሳበው። ያኔ ነው ሮጣ የያዘችው። ቀበሌውም ከብዙ ምልልስ በኋላ ወደ ሕያዋን መለሰው። የንስሐ አባታችንን ፍትሐቱስ ብላቸው፣ ይቀመጥለት፣ ቀኑ ሲደርስ ይፈልገዋል ብለው ሳቁ። ሆኖም ልጄ በክርስትና ስሙ ሲጠራ ዛሬም አይመልስም። በቀትርም አንዳንድ ጊዜ ከማሳው ዳር ቆሞ ወደ ምዕራብ ሲያይ አገኘዋለሁ። በሌላ ስሙ እጠራውና ወደ ቤት ይዤው እገባለሁ።

ሰው ስንት ከፍለህ አሻገርኸው ይለኛል። አልከፈልሁም ስል አያምነኝም። ደግነቱ የዘበኛው ነው የሚል አለ፣ የጣራ ገዳም ስለት ነው የሚልም አለ፤ ሁሉንም አላስቀይምም። ስሟን ሳልጠይቃት በመቅረቴ ግን እስከ ዛሬ አፍራለሁ፤ ዳዊት ስደግም በስም የማነሣት አጥቼ፣ እንዲሁ አስባታለሁ። ያሻገረችን ያች የጋላባት ሻይ ሻጭ ናት፣ የይፋጓ ሴት።