ከእንጦጦ እስከ የካ፦ አባዬን ግመል ላይ ያወጣሁበት ቀን

ጉዞ ማለት ሻንጣ ጎትቶ አውሮፕላን መሳፈር ለሚመስለው ሰው የእኔ ጉዞ ሳቅ ነው። ከእንጦጦ ማርያም ጀርባ ካለው ቤታችን ተነስቼ፣ ጫካውን በፈረስ አቋርጬ፣ ከየካ ሚካኤል በላይ ያለች አንዲት ሜዳ ደርሼ በዚያው ቀን ተመለስኩ። በቃ። ግን እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እንደዚያ ቀን ልቤ እየመታ የሄድኩበት መንገድ የለም።

መጀመሪያ ለምን እንደሄድኩ ልንገራችሁ። ሥራዬ ፈረስ ማከራየት ነው። ቅዳሜና እሑድ ከከተማ አየር ሊቀበሉ ለሚመጡ ሰዎች ፈረስ እስባለሁ፣ የሚፈራውን አበረታታለሁ፣ የሚደፍረውን እቆጣለሁ። ሥራውን ያስተማረኝ አባቴ ነው። አባዬ ዕድሜውን ሁሉ ፈረስ ላይ የኖረ ሰው ነው፤ ከእግሩ ይልቅ ኮርቻ ላይ ሲሆን ነው ቁመናው የሚያምረው።

የዛሬ ዓመት ከመንፈቅ ግን አባዬ ወደቀ። ከፈረስ እንኳ ቢሆን ባላዘነ ነበር፤ የራሳችን ደጃፍ ላይ እርጥብ ድንጋይ አዳልጦት ነው። ዳሌው ተሰበረ፣ ብረት ገባለት፣ ተመስገን ዳነና በምርኩዝ መሄድ ጀመረ። እግሩን አንስቶ ፈረስ ላይ መውጣት ግን እምቢ አለው። ጎረቤት ጠርተን ልናነሳው ስንሞክር ምርኩዙን ወርውሮ «እንደ ጆንያ አልጫንም!» አለና ጮኸብን። ከዚያ ወዲህ ወደ ጋጣው አልሄደም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ጠዋት ያቀረብኩለት ፍርፍር ማታ እንዳለ ይጠብቀኛል። በሽታ የለበትም፣ ሐኪሙም ምንም አላገኘም፤ ግን አባቴ ዓይኔ እያየ እያለቀ ነበር።

በዚህ መሀል ሮባ የሚባል የመተሐራ ሰው ደወለልኝ። አንዲት ግመል ይዞ መጥቶ የካ ላይ ልጆች ያሳፍርባታል፤ ሠርገኞችም ፎቶ ይነሱባታል። በበዓል ቀን ፈረስና ግመል አንድ ሜዳ ላይ አብረን እናሠራ ነው የሚለው። እኔም ለወሬ ያህል «ግመል ያንን ያህል ረጅም ሆና ሰው እንዴት ነው የሚወጣባት?» አልኩት።

«ትተኛለች እኮ! ሰው ይቀመጣል፣ ከዚያ ትነሳለች» አለኝ።

ስልኩን ዘጋሁ። ትተኛለች። ይቺ ቃል ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች። ሄጄ ሐኪሙን ጠየቅኩት፤ «ካልወደቁ ችግር የለውም» አለኝ። ካልወደቁ! እሱንማ ማን አጣው?

ለአባዬ የነገርኩት ግማሹን ነው። «ዳማን ከግመል ጋር ላላምደው ነው፣ ያለ አንተ አይሆንልኝም» አልኩት። ዳማ ዋናው ፈረሳችን ነው፤ መልኩም ስሙም ዳማ። አባዬ ወደ ግድግዳው እንደዞረ «ፈረስ ግመል አይወድም፤ ሽታው ያስበረግገዋል» አለ። ቀጥሎም «ብቻሽንማ ይፈነግልሻል» አለ። መምጣቱን በዚያ አወቅኩ።

ከጠዋቱ 12፡30፣ እንጦጦ

ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ዳማን ጭኜ ወጣሁ። አባዬ ደግሞ ከጎረቤታችን ከታምራት ጋር በታክሲው በሽሮ ሜዳ በኩል ዞሮ እንዲመጣ ተስማምተናል። ሊሸኘኝ እስከ በር መጣ እንጂ ፈረሱን አላየውም፤ ዓይኑን ባሕር ዛፉ ላይ ተክሎ «የኮርቻውን መታጠቂያ ዳገቱ ላይ አላዪው» አለኝና ገባ።

ጫካው ውስጥ ሯጮች እንደ ጥላ ያልፋሉ፤ የሚሰማው ትንፋሻቸውና የጫማቸው ኮቴ ብቻ ነው። አንዷ «ዛሬ ፈረሱን ለእኔ ስጪኝና አንቺ ሩጪ» ብላኝ አለፈች። ጠል የበላው ቅጠል ከእግራችን ሥር ይሸታል። ቁልቁለቱ ላይ ወርጄ በእግሬ ሳብኩት፤ ድንጋዩ ስለታም ነውና ለፈረስ አያዝንም። አንድ ገላጣ ቦታ ላይ ስደርስ ከተማው ከሥር ታየኝ፣ ጉም ለብሶ፣ የጅምር ፎቆች አናት ብቻ ወጣ ወጣ ብሎ። ድሮ ይሄን መንገድ ከአባዬ ጋር ጎን ለጎን ነበር የምንሄደው። እሱ ይዘፍናል፣ እኔ እንዲያቆም እለምነዋለሁ። አሁን ዝምታው ከበደኝና እኔው ዘፈንኩ። ዳማ ጆሮውን ወደ ኋላ አጣጠፈ፤ እሱም አልወደደልኝም።

3፡00፣ ከየካ ሚካኤል በላይ

ግመሏን ከማየቴ በፊት ዳማ አሸተታት። ቀጥ ብሎ ቆመ፤ አፍንጫው ተነፋ፤ ቆዳው ተንቀጠቀጠ። ከአጥሩ ጀርባ ያ ረጅም አንገት ብቅ ሲል ግን አበቃ! ሽቅብ ቆሞ ዞረና ወደ መጣንበት ሊነጉድ ሲል በጭንቅ ልጓሙን ያዝኩት። «ኧረ በማርያም!» እያልኩ ነው የተንጠለጠልኩት። ግመሏ ግን እያኘከች በትዝብት ታየናለች።

ሮባ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ቀጭን፣ ሽርጥ የታጠቀ ሰው ነው። «አይዞሽ እህቴ፣ ሎሚ ሰው አትነካም» አለኝ። ሎሚ ያሏት የሰፈሩ ልጆች ናቸው፤ ነጣ ብላ ወደ ቢጫ ስለምትል።

ይሄኔ ታክሲው ደረሰ። አባዬ ወረደና ከጋቢው ሥር አንድ አሞሌ ጨው አወጣ። ለካ ታምራትን ሾላ ገበያ አስቁሞት፣ «እንስሳ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም» ብሎ ገዝቶ ነው። ግመሏ ጨውን ከእጁ ስትልስ አባዬ ከንፈሯን፣ ሽፋሽፍቷን፣ የእግሯን መዳፍ ትክ ብሎ አየ። ከዚያ ዞሮ እኔን አየ፤ ዳማ አሁንም እያስጨፈረኝ ነበር።

«ዘኑ! ምን ታንቂዋለሽ? አላዪው! አንቺ ስትፈሪ እሱ ምን ያድርግ?»

ጮኸብኝ! በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቴ እንደ አባቴ ጮኸብኝ። ደስታዬን ምን ልበላችሁ።

ከዚያ ያደረገውን በዓይኔ ባላይ አላምንም ነበር። ጋቢውን አወለቀ። ጠብታ ወጥ ሲነካው የሚቆጣበትን ነጭ ጋቢ ለሮባ ሰጠውና «ጎኗን እሽበት፣ ብብቷንም» አለው። ሮባ አሸ። አባዬ ጋቢውን መልሶ ለበሰና፣ እያነከሰ፣ በምርኩዙ እየተደገፈ ወደ ዳማ መጣ። ለፈረስ አዲስ ሽታ የሚለመደው በሚያምነው ሰው ገላ ላይ ሲያገኘው ነው፤ ይሄን ከእሱ በቀር ማንም አላስተማረኝም። ዳማ መጀመሪያ አፈገፈገ። አባዬ ዝም ብሎ ቆመ። ፈረሱ አንገቱን ሰደደ፣ ጋቢውን አሸተተ፣ በረገገ፣ ደግሞ አሸተተ፤ በመጨረሻ ግንባሩን አባዬ ደረት ላይ አሳረፈው። ሁለቱ ከተገናኙ ስንት ወራቸው! አባዬ ጆሮው ላይ የሆነ ነገር አንሾካሾከለት። ምን እንዳለው አልሰማሁም፤ ልስማም አልፈለግኩም።

4፡30፣ ሜዳው ላይ

ግመሏን መጀመሪያ እኔ ልሞክራት አልኩ። ሮባ ገመዷን ወደ ታች ሳብ አድርጎ በጉሮሮው ድምፅ ሲያሰማ ሎሚ እያጉረመረመች ተኛች። ኮርቻው ላይ ተቀመጥኩ፤ ፍራሽ የተነጠፈበት፣ ከፊቱ የብረት እጀታ ያለው ነገር ነው። «ስትነሳ ወደ ኋላ ተለጠጪ» አለኝ ሮባ። እሺ አልኩ። ግን ፈረሰኛ ነኛ! ከሥሬ ያለው እንስሳ ሲነሳ ሰውነቴ ሳያማክረኝ ወደ ፊት ያጎነብሳል። ግመል ደግሞ የምትነሳው በኋላ እግሯ ነው። ኋላዋ ሽቅብ ሲወረወር፣ እኔ በአንገቷ ላይ ተንሸራትቼ ሣሩ ላይ በአፍጢሜ ተደፋሁ።

ሳቅ ሰማሁ። ቀና ስል አባዬ ምርኩዙን ይዞ ይንፈረፈራል፣ እንባው ይወርዳል። «አርባ ዓመት ያስተማርኩሽ ለዚህ ነው?» ይለኛል። አፈር በአፌ ሆኖ እኔም ሳቅኩ።

ሁለተኛ ጊዜ ተሳካልኝና አንድ ዙር ዞርኩ። ከዚያ ወርጄ «በል አባዬ፣ ተራህ ነው፣ እንደሆነ ትተኛለች» አልኩት።

ሳቁ ጠፋ። እኔን አየኝ፣ የተኛችውን ግመል አየ፣ ገባው። «ግመል ሰርቆ አጎንብሶ አሉ! ለዚህ ነው ያመጣሽኝ?»

«አዎ፣ ለዚህ ነው።»

«እንደ ጆንያ ልትጭኑኝ!» ዞሮ ወደ ታክሲው መራመድ ጀመረ። ያን ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሱን ለማዳን ብዬ አዋረድኩት፣ አሁን ደግሞ ከነአካቴው ከቤት አይወጣም ብዬ አሰብኩ።

ሮባ አላስቆመውም። የግመሏን አንገት እያከከ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ቀስ ብሎ «አባባ፣ በእኛ አገር እኮ ጎበዝ ግመል ላይ አይወጣም» አለ።

አባዬ ቆመ።

«ቤት ነቅለን ስንጓዝ ጉልበት ያለው በእግሩ ነው የሚሄደው። ግመል ላይ የሚወጣው ሕፃን ነው፣ አራስ ናት፣ ሽማግሌ ነው። አባቴ በመጨረሻ ጊዜው እንደዚያ ነበር የሚጓዘው። ራሱ ነው ‘ጫኑኝ’ የሚለን።»

አባዬ ሳይዞር «አያፍርም ነበር?» አለ።

«እሱ?» ሮባ እንደ መገረም አለ። «አባባ፣ እሱን ጥለን ብንሄድ የምናፍረው እኛ ነን እኮ።»

የሎሚ ማኘክ ብቻ ይሰማል። አባዬ እዚያው ቆሞ በምርኩዙ ሣሩን ነካ ነካ አደረገ። ዞረና ማንኛችንንም ሳያይ ወደ ግመሏ መጣ።

«በሉ ጫኑኝ። ዳሌዬን ግን ተጠንቀቁ» አለ።

ሮባ በብብቱ ያዘው፣ ታምራት ወገቡን ደገፈ፣ እኔ የታመመውን እግሩን በሁለት እጄ አቅፌ ቀስ ብዬ ወደ ማዶ አሻገርኩት። ልጅ ሆኜ የእኔን እግር ይዞ እርካብ ውስጥ የሚያስገባው እሱ ነበር። የእሱን ግን እስከዚያ ቀን ይዤው አላውቅም። ሮባ ከፊት ቆሞ ደረቱን ያዘው፤ «ፈረሰኛ ሁሉ ወደ ፊት ነው የሚሄደው» አለ። እውነቱን ነው፤ የእኔን መደፋት በዓይኑ አይቶ፣ ስቆብኝ፣ አባዬም ሎሚ ስትነሳ ያው ወደ ፊት አጎነበሰ! በሮባ እጅ ተረፈ።

ከዚያ ግን ቀና አለ። ትከሻው ተዘረጋ፤ አንገቱ ወጣ። ሎሚ ሁለቱን የቀኝ እግሮቿን፣ ከዚያ ሁለቱን የግራ እያነሳች መሄድ ስትጀምር አባዬ «ዘኑ! ዘኑ! ይቺ እኮ ሰጋር ናት! እንደ ሰጋር በቅሎ ነው የምትረግጠው!» አለ። ሰጋር እንስሳ ድሮም ያሳብደዋል። እኔም ዘልዬ ዳማ ላይ ወጣሁና ተጠጋሁት። ዳማ ጆሮውን አቆመ እንጂ አልበረገገም። ሮባ ገመዷን እየሳበ ከፊት፣ እኛ አባትና ልጅ ጎን ለጎን፣ ሜዳውን ሦስት ጊዜ ዞርነው። ከላይ ሆኖ ቁልቁል እያየኝ አቀማመጤን ተቸ፣ ልጓም አያያዜን ተቸ። ሦስተኛው ዙር ላይ ዘፈነ። እንዲያቆም አልለመንኩትም።

10፡00፣ ወደ ቤት

ሮባ ወተት አቀረበልን፤ አባዬ «የግመል ወተት በእኛ ሃይማኖት አይፈቀድልንም እንጂ እጅህ ይባረክ» አለው። ሮባም ቅር ሳይለው ሻይ አስመጣ። አባዬ ሁለት ብርጭቆ ጠጣ፣ ዳቦም በላ፣ ሌላ ዳቦም ጠየቀ። ስንለያይ ሮባን ሦስት ጊዜ ትከሻ ለትከሻ ገጨው።

እኔ በጫካው ተመለስኩ። ዳገቱ ላይ መታጠቂያውን አላላሁለት፤ ሁለታችንም ደክሞናል። የመጣሁት አባዬን እንደ ድሮው ላደርገው ነበር። እንደ ድሮው አይሆንም፤ ያንን መንገድ ላይ ተቀበልኩት፣ ትንሽም አለቀስኩ። የጎዳው ግን ዳሌው ብቻ አልነበረም። የከበደን መስሎት ነበር። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ፍርፍር ሳቀርብ፣ መድኃኒት ስገዛ፣ «አልከበድከኝም» የምትለዋን አንዲት ቃል አፌን ሞልቼ አልነገርኩትም። ያውቃል ብዬ። ሰው ምን ያውቃል?

ቤት ስደርስ ታክሲው በራፋችን ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። ታምራት በሩን ከፍቷል፤ አባዬ ግን አልወረደም። ግመሏ ላይ መቀመጡ ገትሮታል መሰለኝ፣ እግሩ አልታዘዝ ብሎታል።

«ታምራት ላውርድህ ቢለኝ ልጄ ትምጣ አልኩት» አለኝ።

ከዳማ ወርጄ ሄድኩ። «አባዬ፣ አንተን መሸከም እኮ አይከብደኝም። ከብዶኝም አያውቅም» አልኩት።

ትንሽ አየኝና ሁለት እጁን ዘረጋልኝ። «እንግዲያ አንሺኝ» አለ።

አነሳሁት። አንገቴን አቀፈ። ያን ሁሉ ጊዜ እንዳልጥለው ስፈራ ኖሬ፣ ክንዴ ላይ ሲያርፍ እንደ ሕፃን ቀለለኝ።