አጥፋ የሚለው ቃል

ኢክረማ ያደገው ከዊንጌት ወደ ላይ በሚወጣው መንገድ ዳር፣ በአባቱ ሱቅ ውስጥ ነው። ሱቁ የልብስ ስፌት ዕቃ ይሸጣል፤ ክር፣ ዚፕ፣ የሸሚዝ ቁልፍ፣ ላስቲክ። ከባንኮው ኋላ ግድግዳውን የሞሉ ትንንሽ መሳቢያዎች አሉ። አባቱ ጋሽ አብዱልሰላም ፊደል አልቆጠሩም። ስለዚህ በየመሳቢያው እጀታ ላይ ውስጡ ካለው ዕቃ አንድ አንድ አስረውበታል፤ በዚፑ ላይ ዚፕ፣ በክሩ ላይ ክር። ኢክረማ ትምህርት ቤት ገብቶ መጻፍ ሲችል ከየመሳቢያው ሥር የዕቃውን ስም በወረቀት ጽፎ ለጠፈ። አባቱ እያዩት፣ "ስም ስትጽፍ ለሚያውቀው አትጻፍ፤ ለማያውቀው ጻፍ" አሉት።

ይህን የነገረኝ ራሱ ነው። እኔ የሺ እባላለሁ። ስለ ሰው ጽፌ አላውቅም። የእሱን ብቻ ጽፌ መተው ነበር ሐሳቤ፣ ግን እኔ ካልገባሁበት ነገሩ አይነገርም።

ከቁስቋም በታች ባለችው ትንሽ የችግኝ ጣቢያ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ከመንግሥቱ የእጽዋት ማዕከል ጋር ጎረቤት ነን እንጂ አንድ አይደለንም፤ የኛ የማኅበር ናት። ሥራዬ የአገር በቀል ዛፍ ዘር መልቀም፣ ማበጠር፣ ማድረቅ፣ በጠርሙስ ማኖር ነው። በየጠርሙሱ ውስጥ ብጣሽ ወረቀት እከት ነበር፤ የምን ዘር እንደሆነ፣ ከየትኛው ዛፍ፣ መቼ። ጽሕፈቴን ከኔ በቀር የሚያነበው የለም። ኃላፊያችን አቶ ቶለሳ፣ "የሺ፣ አንቺ አንድ ቀን ብትታመሚ ይህ ሁሉ ዘር ወላጁ የማይታወቅ ሊሆን ነው" ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው።

ኢክረማን ያመጡት ለዚህ ነው። ኮምፒውተር ተምሮ ከጨረሰ ዓመት አልሞላውም፤ ለብቻው የያዘው የመጀመሪያ ሥራው ነበር። አባቱ ለሰፈሩ ሁሉ ነግረዋል። አቶ ቶለሳም ሥራው ካማረ ለሌሎች ችግኝ ጣቢያዎች እንደሚናገሩለት ቃል ገብተውለት ነበር።

የዘር መዝገብ የሚባል ፕሮግራም ሠራልን። ስሙን፣ ዛፉን፣ ቀኑን ሳስገባ ቁጥር ይሰጠኛል፤ ቁጥሩን በጠርሙሱ ላይ እጽፋለሁ። ብጣሹ ከዚያ ወዲያ አያስፈልግም ተባለ፤ ከብስባሹ ጋር ቀበርኩት። ኢክረማ በትዕግሥት አስተማረኝ። የመጀመሪያው ቀን ሲወጣ፣ "እትዬ የሺ፣ ሲጨርሱ አጥፍተውት ይሂዱ" አለኝ። እንዴት እንደሚጠፋም አሳይቶኝ ነበር፣ ግን ጠፋብኝ። አንዴ የተነገረኝን መልሼ መጠየቅ አፍራለሁ።

ወሩ ሲያልቅ አቶ ቶለሳ ጠርሙሶቹን ቆጠሩ። ስልሳ ሦስት ናቸው። በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ግን ሃምሳ ሁለት ነው። አስራ አንዱ ጠርሙስ ላይ ቁጥር አለ፤ ቁጥሩን ስንፈልገው መዝገቡ የለም። ከአስራ አንዱ አንዱ የገደሉ አፋፍ ወይራ ነበር። ያ ዛፍ ዕድሜውን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ዘሩን በለቀምኩ በሳምንቱ ነፋስ ጣለው።

"ኮምፒውተሩ ዘሩን በላው በሉኛ!" አለ ዘበኛችን ወልዱ። "ዶሮ ብታስገቡበት ይሻል ነበር፤ እሷ እንኳ እንቁላል ትጥላለች።"

ማንም አልሳቀም። አቶ ቶለሳ ኢክረማን አስጠሩት።

"ቅጂ የለውም?"

"የቅጂውን ገና አልጨረስኩትም ነበር" አለ አንገቱን ደፍቶ።

"እስከ ቅዳሜ ስሕተቱን ካላገኘኸው ማሽኑን ሸፍነን ወደ ብጣሽ ወረቀታችን እንመለሳለን። ለሌሎቹም አልናገርልህም። እኔ ያልታመነ ነገር በስሜ አላስገባም።"

ሦስት ቀን ጠዋት እየመጣ እስከ አስራ አንድ ሰዓት ድረስ ተቀመጠ። እኔ አጠገቡ የኮሶ ዘር አበጥራለሁ። ያነባል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ያነባል። ምሳ ሲቀርብለት "ቆይ" ይላል፤ ቆይቶም አይበላም። በሦስተኛው ቀን፣ ዓርብ ከሰዓት፣ ድካሙ ሳይሆን አይቀርም፣ ወደ እኔ ዞረና ማውራት ጀመረ።

"ይኼውልዎት እትዬ የሺ፣ ላሳይዎት። ይህ ፋይል ኤክስኤምኤል ይባላል።"

አየሁት። ጽሑፍ ነው፤ በቀስት ጫፍ በሚመስሉ ምልክቶች መካከል የተቀመጠ ጽሑፍ። እያንዳንዱ ነገር መክፈቻ አለው፣ ደግሞ መዝጊያ አለው። የተከፈተ ካልተዘጋ ፕሮግራሙ አልነሳም ይላል አለኝ።

"ላይ በቃል ተጽፎ የሚታየው ሜኑ፣ ከሥሩ ደግሞ የተደረደሩት ምስሎች፣ ቱልባር የምንለው፣ እነሱን በእጄ አንድ በአንድ አልሠራኋቸውም። ፕሮግራሙ ሲነሳ መጀመሪያ ይህን ያነባል፤ ባነበበው መሠረት ራሱ ይሠራቸዋል። የአባዬን መሳቢያዎች ያውቋቸው የለ? ይህ ለአናጢው እንደተሰጠ ወረቀት ነው። ስንት መሳቢያ፣ የቱ ከየቱ ሥር፣ ፊቱ ላይ ምን ይጻፍ፣ ምን ይታሰር።"

"ይገርማል" አልኩ።

በጣቱ እየጠቆመ አነበበልኝ። "ክፈት። አዲስ መዝግብ። ፈልግ። አጥፋ..."

"እሱ ምንድን ነው?"

"የቱ?"

"አጥፋ ያልከው።"

"እሱማ የማይፈለግ መዝገብ ማስወገጃ ነው። እሱን ማንም አይነካውም፤ ደግሞም ዝም ብሎ አያስወግድም፣ 'እርግጠኛ ነዎት?' ብሎ ይጠይቃል።"

ወንፊቱን አስቀመጥኩ። ማታ ማታ ሥራ ስጨርስ ያን ነበር የምጫነው። አጥፋ ይላል፤ ምስሉ ቀይ ኤክስ ነው፤ ቀይ ደግሞ ማቆሚያ ነው፣ እንደ ትራፊክ መብራቱ። እርግጠኛ ነዎት ሲለኝ አዎ እለዋለሁ። የመጨረሻው ዘር የተጻፈበት ገጽ ይጠፋል። ጠፋ ብዬ እሄዳለሁ። ዘር ባስገባሁባቸው አስራ አንድ ቀኖች ማታ፤ የየቀኑን የመጨረሻ ዘር።

አልተናገርኩም። እንዲህ ነበር ማለት አሁን ቀላል ነው። ያኔ ግን የታየኝ አቶ ቶለሳ "መሃይም ማሽን ላይ አስቀምጠን" ሲሉ፣ ከዚያ ጠረጴዛ ተነስቼ ኮምፖስት ስገለብጥ ነው። ኢክረማ ወደ ፋይሉ ዞሮ መፈለጉን ቀጠለ፤ የሚፈልገው አጠገቡ ተቀምጧል።

አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን ኢክረማ ተነስቶ ወጣ፤ ወልዱም ከበሩ ላይ እንደ ሁልጊዜው ጮኸ። "የሺ! አጥፊና ነዪ እንጂ፣ ልቆልፍ!"

እጄን ወደ ማሽኑ ዘረጋሁና መለስኩት። እንደበራ ትቼው ወጣሁ።

ቅዳሜ ጠዋት በሱቁ በኩል ሳልፍ ጋሽ አብዱልሰላም ጠሩኝ።

"የሺ፣ ልጄ እህል አልቀምስ አለኝ። እዚያ ምን ነካብኝ?"

"እንጃ ጋሼ" አልኳቸው።

እሳቸውም "እንጃ" ብለው ወደ መሳቢያዎቹ ዞሩ። አንዲት ደንበኛ ዚፕ ጠይቃ ነበር። ሳያነቡ፣ የታሰረውን ዚፕ ብቻ አይተው፣ ሳቡና ሰጧት። እኔ እስከ ጣቢያው ድረስ ያን "እንጃ" ያልኩትን ተሸክሜ ወጣሁ። ዳገቱ ያን ቀን አላልቅ አለኝ።

አቶ ቶለሳ ሁላችንንም በዘር ቤቱ ሰበሰቡን።

"እንግዲህ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ዛሬ ይለይ።"

"የኔ ነው" አለ ኢክረማ። "የት ላይ እንደሆነ ግን አላገኘሁትም። ማሽኑን መሸፈን ትችላላችሁ።"

"እኔ ነኝ ያጠፋሁት" አልኩ።

ድምፄ አልተሰማም መሰለኝ፤ ደገምኩት።

"አንቺ ደግሞ ምን አጠፋሽ?" አሉ አቶ ቶለሳ። ጥፋት ማለቴ ነበር የመሰላቸው። እኔ ራሴም የቱን ማለቴ እንደነበረ አላውቅም፤ ሁለቱንም ነው።

"ማታ ማታ አጠፋው ነበር። አጥፋ የሚለውን ተጭኜ። ኮምፒውተሩን የማጠፋ መስሎኝ።"

ወልዱ ቆቡን አወለቀ። "እኔም አለሁበት" አለ። "አጥፊና ነዪ እያልኩ የማጣድፋት እኔ ነኝ።"

ኢክረማ ይስቅብኛል ወይ ይቆጣኛል ብዬ ነበር። ግንባሩን ያዘ። "አባዬ ነግሮኝ ነበር" አለ። "ለማያውቀው ጻፍ ብሎኝ ነበር። እኔ ለራሴ ነው የጻፍኩት።"

"ለምን አልጠየቅሽም?" አሉኝ አቶ ቶለሳ።

"አፈርኩ።"

ኢክረማ ፋይሉን ከፈተ። አጥፋ በሚለው ላይ ጣቱን አድርጎ፣ "እትዬ የሺ፣ እዚህ ጋ ምን ይባል?" አለኝ። የሚያሾፍ መስሎኝ ነበር፤ አልነበረም፤ ይጠብቃል። መሠረተ ትምህርት ሳለን የቀረ ሰው ስሙ ከስም ጥሪ ላይ ይሰረዝ ነበር።

"ሰርዝ በለው" አልኩ። "ምስሉም ላጲስ ይሁን።"

"ማታ ሲሄዱ የሚጫኑትስ?"

"ዝጋ። በር አድርግበት። ከዚያኛው ራቅ ይበል።"

ቃሎቹን ቀየረ፣ ፋይሉን ዘጋ፣ ፕሮግራሙን አስነሳው። ሜኑውም ቱልባሩም ባንድ ጊዜ ተለውጠው መጡ።

"በቃ? ይኸው ነው?" አሉ አቶ ቶለሳ።

"ይኸው ነው" አለ ኢክረማ። ሦስት ቀን ያልበላ ሰው ድምፅ ነበር።

ማሽኑ አልተሸፈነም። ከአስራ አንዱ ዘጠኙን ዘሩን በእጄ እያፈስኩ አስታወስኩ፤ ራሴ ነኝ የለቀምኳቸው፤ ኢክረማም እንደነገርኩት መልሶ መዘገበ። የቀሩት ሁለቱ ጠርሙሶች ሁለቱም ወይራ ናቸው። አንደኛው የገደሉ አፋፍ ዛፍ ነው፤ ሌላው የአጥራችን ጥግ ዛፍ። አሸተትኩ፣ ሰበርኩ፣ ቀመስኩ። የቱ የየትኛው ዛፍ እንደሆነ አልለየሁም። ለይቻለሁ ብል ያምኑኝ ነበር፤ አላልኩም።

በሁለት መደብ ለየብቻ ዘራናቸው። ወይራ አይቸኩልም። በመጨረሻ ወጡ፤ ቅጠላቸው አንድ ነው።

ኢክረማ ዛሬ ለሦስት ችግኝ ጣቢያዎች ይሠራል። አቶ ቶለሳ ቃላቸውን ጠብቀዋል። አዲስ ሜኑ ሲያወጣ ቃሎቹን በወረቀት ይዞ ዳገቱን ይወጣና፣ "ይህን ሲያዩ ምን ያደርጋሉ?" ይለኛል። የመሰለኝን እነግረዋለሁ። ያልገባኝንም አልገባኝም እለዋለሁ፤ አሁንም አፍራለሁ፣ ግን እለዋለሁ።

ባለፈው ጊዜ ሲመጣ መዝገቡን አብረን አየን። የሁለቱ ወይራዎች መዝገብ አለ፤ ከየትኛው ዛፍ የሚለው ቦታቸው ግን ባዶ ነው።

"ይህ መቼም አይሞላም" አለ። "ልሰርዘው?"

"ይቆይ" አልኩት።

የበሩን ምስል ተጫንኩና ዘጋሁ።