ከግድግዳ ላይ የተቀዳችው መኪና

ልጅ እያለሁ የኮልፌው ቤታችን ግድግዳ የሚነበብ ነበር። ጭቃው እንዳይራገፍ እናቴ በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ጋዜጣና የፈረንጅ መጽሔት በዱቄት ሙጫ ትለጥፍበታለች። እኔም ማንበብ የለመድኩት ከትምህርት ቤት ይልቅ አልጋ ላይ ተጋድሜ ነው። ከአባቴ አልጋ በላይ ግን ማንም እንዳይነካት የተከለከለች አንዲት ሥዕል ነበረች። ጣሪያ የሌላት፣ አፍንጫዋ የረዘመ፣ ጎማዎቿ ወደ ውጪ የወጡ ቀይ መኪና። ችግሩ፣ ክልከላው ከመታወጁ በፊት እናቴ የኋላዋን ግማሽ ስለ ማዳበሪያ በሚያወራ ጋዜጣ ሸፍናው ነበር።

አባቴ ተክሌ ባትላሜራ ነበር። አየር ጤና አንድ ጋራዥ ውስጥ የተጨማደደ የመኪና ቆርቆሮ በመዶሻ ሲያቃና ይውልና ማታ በእግሩ ይመጣል። ልብሱ ሁልጊዜ ቀለምና ቤንዚን ይሸታል፤ እኔ ያንን ሽታ እወደው ነበር፣ እናቴ ደግሞ ከነልብሱ በር ላይ ታቆመዋለች። አንድ ቀን ጋራዡ ጓሮ ሣር የበቀለባትን፣ ከጣሊያን ጊዜ የቀረች ትንሽ መኪና የጋራዡ ባለቤት “ውሰድልኝ” አለው። በጓደኞቹ አስገፍቶ ግቢያችን አስገባት። በማግስቱ ጣሪያዋን በመጋዝ ቆርጦ ጣለ።

“ሰው ቤቱ ላይ ጣሪያ ይጨምራል፣ አንተ ያለውን ታነሳለህ?” አለች እናቴ። ከሰዓት በኋላ ግን ጣሪያውን የዶሮ ቤት አድርጋው አገኘናት።

ከዚያ ወዲያ አባቴ ማታ ማታ ሥዕሏን በስንዝር እየለካ ጠዋት ከሥራ በፊት ቆርቆሮ ይቀጠቅጣል። ሰፈሩ በመዶሻ ድምፅ መንቃት ለመደ። ኮፈኗ ረዘመ፣ የፊት መብራቶቿ ወጡ፤ እውነትም ሥዕሏን መሰለች። ወገቧ ላይ ሲደርስ ግን ሥዕሉ አለቀበት። ጋዜጣውን በእርጥብ ጨርቅ ሊልጥ ቢሞክር ጭቃው አብሮ ረገፈ፤ እናቴም መዶሻውን ቀምታ ለሁለት ቀን ደበቀችበት። የሰፈሩ ሰው በየተራ እየመጣ የኋላዋ እንዲህ ነው፣ እንዲያ ነው ይለው ጀመር። አንዱ እንደ ጀልባ ይሾላል አለ፤ ሌላው የፈረንጅ መኪና ኋላ የለውም ብሎ ማለ። “ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው!” አለና አባቴ ሁሉንም ከግቢ አስወጣ። ከዚያም የዘይት በርሜል ለሁለት ሰንጥቆ ከኋላ በየደባት። ፊቷ መኪና፣ ኋላዋ ባኞ ሆነ።

እኔ ግን ባኞውን ሳላነሳ ክፍል ውስጥ ሁሉን አውርቼ ነበር። አባቷ ሚኒባስ የነበረው ሜሮን የምትባል ልጅ “ጣሪያ የሌለው መኪና ጋሪ ነው” ብላ አራተኛ ክፍልን በሙሉ አሳቀችብኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ስሜ “ውሸታሟ” ሆነ። እልህ ያዘኝና የወላጆች ቀን በመኪናችን ካልመጣሁ ስምንተኛ ክፍል እስክጨርስ ውሸታሟ በሉኝ ብዬ ማልኩ። ሌሊት ሌሊት በእንቅልፌ ሳይቀር ስለዚያች መኪና ስጸልይ ነው የከረምኩት።

ቀኑ ደረሰ። የአባቴ የጋራዥ ጓደኞች የመኪናዋን ሞተር ጠግነውለት ነበር። የጎደላት አንድ ነገር ሞተሪኖ ብቻ ነበር፤ ያለ እሱ ደግሞ ቁልፍ በማዞር ብቻ አትነሳም፣ መገፋት አለባት። አባቴ ዘዴ ነበረው። ከቤታችን ቁልቁለት አንዴ ተገፍታ ከተነሳች ትምህርት ቤት እስክንደርስ አናቆምም። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ከፊት ተቀመጠች፣ እኔ ባኞው ውስጥ። ተነሳች! በደስታ ጮህኩ።

አባቴ ሁሉንም አስቦ ሰላምታን ረስቶ ነበር። ጣሪያና መስታወት ያለው ሰው እንዳላየ ሆኖ ያልፋል። እኛ ግን ከወገብ በላይ ሜዳ ላይ ነን። ገና መታጠፊያው ላይ ከሆስፒታል ከወጡ ሳምንት ያልሞላቸው ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ቅርጫታቸውን ይዘው ብቅ አሉ። እንዴት ይታለፋሉ? አባቴ ዝግ አለ፣ “እንዴት አደሩ? ተሻለዎት?” ሲል ሞተሩ ጠፋ። እትዬ ዘነበች ስለ ኩላሊታቸው ከጀመሩት ሳይጨርሱ የጎመን ቅርጫታቸውን ጭኔ ላይ አስቀመጡና መግፋት ጀመሩ። “ኧረ እትዬ፣ ገና አላገገሙም!” ትላለች እናቴ ዞራ። “አንቺ ፊትሽን አዙሪ፣ እየገፋሁ ነው” ይሏታል።

ተነሳች። መቶ ሜትር ሳንሄድ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ወልዴ። የእድር ዳኛ ደግሞ ተቀምጠው ሰላም አይሉትም፤ አባቴ መሪውን ለቆ ብድግ አለ። ጠፋች። ጋሽ ወልዴ “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” አሉና ሥጋ ቤት የቆመውን ወንድ ሁሉ ጠሩ። የገፋ ሰው ደግሞ ወደ ቤቱ አይመለስም፤ “ድንገት ወደፊት ብትቆምባችሁስ?” ይልና ይከተላል። የሚከተለውን ሰው ያየ ምን ሆናችሁ ብሎ ያስቆማል። በስተመጨረሻ አባቴ ሞተሩን ማስነሳቱንም ተወው፤ መሪ ይዞ ሰላምታ ብቻ ይሰጥ ነበር።

የትምህርት ቤቱ በር ታየ። ሰዓቱ አልፏል። መኪናዬ ብዬ የማልኩባት በሰው ትከሻ እየመጣች ነው። ባኞው ውስጥ ተኝቼ ጎመኑን ራሴ ላይ ጫንኩት። የሜሮን ድምፅ ከላዬ መጣ፦ “አላልኳችሁም? አትሄድም!”

እትዬ ዘነበች ላባቸውን እየጠረጉ “ታዲያ በምን መጣን አንቺ?” አሏት።

ቲቸር አልማዝ ብቅ ብለው ያን ሁሉ ሰው ሲያዩ ደነገጡ። “የማን ወላጆች ናችሁ?” ብለው ጠየቁ። ጋሽ ወልዴ ጎመኑን ከራሴ ላይ አነሱና “የዚችኛዋ ነን” አሉ። ሃያ ሦስት ሰው ተከትሎኝ ክፍል ገባ። ወንበር አልበቃም፤ የሜሮን አባት ሳይቀሩ ተነስተው ለእትዬ ዘነበች ለቀቁላቸው። ያን ቀን ደረጃዬ አሥራ ዘጠነኛ ነበር፤ ሲነበብ ሃያ ሦስቱም አጨበጨቡ፣ አንዲት እናትማ እልል አሉ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተጨብጭቦልኛል፤ እንደዚያ ግን ኮርቼ አላውቅም።

ዛሬ ዓለም ባንክ ሰፈር ነው የምኖረው። መኪናዬ ጣሪያም፣ መስታወትም፣ ሞተሪኖም አላት። ባለፈው ክረምት ግን አየር ጤና መሐል ባትሪዋ ሞተና ቀጥ አለች። ከኋላዬ ጡሩምባ ቀለጠ። በሁለቱም በኩል ሰው ሞልቷል፤ እኔ ግን “እስቲ ግፉልኝ” ማለት አፈርኩ። መካኒክ ደውዬ መስታወቴን ዘግቼ ስልኬን እያየሁ አንድ ሰዓት ቁጭ አልኩ። ለአባቴ ስነግረው አልሳቀም፤ አሁን ሸምግሏል፣ ጆሮውም ደከም ብሏል፣ ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። “አንድ ሰው እንኳ ሰላም አላልሽም?” አለኝ።

በማግስቱ መስታወቱን እስከ ታች አውርጄ በድሮው ሰፈራችን በኩል ሄድኩ። አጥር ጥግ ፀሐይ የሚሞቁ አንድ ሽማግሌ አየሁ። ዝግ አልኩና እንደ አባቴ አንገቴን ዝቅ አድርጌ “እንዴት አደሩ አባባ?” አልኳቸው።

ሽማግሌው ከዘራቸውን ተደግፈው በጭንቀት ተነሱ። ወደ መስኮቱም ጠጋ ብለው “ምነው ልጄ፣ መንገድ ጠፋብሽ?” አሉኝ።

“አዎ” ልላቸው ትንሽ ነበር የቀረኝ።