አምስተኛዋ ቸርኬ

ይህ ነገር የሆነው ባለፈው ዓመት፣ የሐጅ ሰሞን ሊገባ ሲል፣ ጂዳ ውስጥ ነው። እኔ በፍርሃቴ ቤተሰቡ ሁሉ የሚስቅብኝ ሴት ነኝ። ያን ጊዜም ተስቆብኛል። ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ነገር ልቤን ሲከብደው ቶሎ ዝም አላሰኘውም፤ ልጽፈው የተነሳሁትም ለዚህ ነው።

ባለቤቴ ሰይድ ከሐራጅ የገዛት አንዲት አሮጌ ፒክአፕ አለችው። በሐጅ ሰሞን መካ፣ ዓዚዚያ ሰፈር ውስጥ ሐጃጆች ወደሚያርፉባቸው ሕንፃዎች ምግብ ያመላልስባታል። የቤት ኪራያችን አብዛኛው ከዚያ ነው የሚወጣው። እኔና ልጃችን ሐያትም አብረነው እየሄድን በማሸጉና በማውረዱ እናግዘዋለን።

ያን ዓመት ሥራውን የሚሰጠው ሰው መኪናዋን ዞሮ አያትና፣ ቸርኬዎቿ እንዲህ ዝገው ምግብ አልጭንባትም፣ አሳምረህ ና አለው። ሰይድ አልተጨነቀም። የሚረጭ ብርማ ቀለም ገዝቼ እዚሁ በር ላይ እነፋዋለሁ አለ።

እኔ ወጥቼ አንዱን ቸርኬ በጥፍሬ ነካሁት። ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ። ከሥሩ ሌላ ቀለም አለ፣ ከዚያም ሥር ሌላ። ፈራሁ።

ምክንያት አለኝ። ወደዚህ አገር መጀመሪያ የመጣሁት ለሰው ቤት ሥራ ነው። የማዳሜ ቤት በረንዳ ላይ የብረት መከታ ነበር፤ ረመዳን ሊገባ ሲል በየዓመቱ ነጭ ይቀባል። አንድ ቀን ምንጣፍ ላሰጣበት ደገፍ ስል መከታው እጄ ላይ ቀረ። ምንጣፉ ሦስት ፎቅ ወርዶ ወደቀ፤ እኔን አላህ ወደ ኋላ ጣለኝ። የተሰበረውን ሳየው ላዩ ነጭ፣ ውስጡ ዱቄት የሆነ ዝገት ነው። ከዚያ ወዲህ የተቀባ ብረት አላምንም።

ስለዚህ ሰይድን፣ አሮጌው ቀለም እስከ ብረቱ ድረስ ሳይፋቅ አዲስ እንዳትቀባ አልኩት። ፔትሮሚን ሰፈር ካሉት ጋራዦች ጠይቆ መጣ። አሸዋ በአየር ግፊት እየረጩ ነው የሚፍቁት። ለአንዱ ቸርኬ ማስፈቂያ የሚጠይቁት ከመቀቢያው ዋጋ ይበልጣል።

«ለማይታይ ነገር ይህን ሁሉ?» አለኝ። «ዘሃራ፣ ይሄ ወስዋስ ነው።»

ወስዋስ አለብኝ፣ አልዋሽም። ለሶላት ውዱእ አድርጌ እግሬ የረጠበ ስለማይመስለኝ ተመልሼ እታጠባለሁ። አንድ ሼህ፣ ወስዋስ በቀለቡት ቁጥር ይወፍራል፣ አትመለሺ ብለውኝ ያውቃሉ። ምክራቸውን ለመያዝ እታገላለሁ። ግን ለብቻዬ ሳስበው፣ ውዱእ ቢጎድልብኝ አላህ አዛኝ ነው፤ ብረት ግን ለማንም አያዝንም አልኩ። ለልብስ ማጠቢያ ማሽን ያጠራቀምኩትን አወጣሁና እኔ እከፍላለሁ አልኩት።

በማግስቱ ሦስታችንም ፔትሮሚን ሄድን። ጋራዡን የያዙት አንድ የመናዊ ሽማግሌ ናቸው። ለእኔ ወንበር አስመጡልኝና ከሰይድ ጋር በዋጋው ተከራከሩ። ሰይድ ከአራቱ በላይ አላስፍቅም አለ። አምስተኛዋ፣ የመጠባበቂያው ጎማ፣ ስኮርታዋ፣ ከመኪናዋ ሆድ ሥር የተንጠለጠለች ስለሆነች ማንም አያያትም። ልቤ አላረፈም። ሆኖም አንዴ አሸንፌያለሁና ተውኩት።

አራቱ እየተፋቁ ሲወጡ ንጹሕ፣ ግራጫ ብረት ነበሩ። ሽማግሌው እያገላበጡ አዩዋቸውና በልጄ ስም እየጠሩኝ ወደ እኔ ዞሩ።

«ኡም ሐያት፣ ቸርኬዎችሽ ከእኔ ጥርስ ይሻላሉ» አሉኝ።

ሰይድም ቀበል አድርጎ «እንግዲያው ሐጂ፣ ከቀለሙ ከተረፈ የእሷንም ወስዋስ ይቀቡልኝ» አላቸው። ሠራተኞቹ ሁሉ ሳቁ። ሐያት አፍራ እጄን ያዘችና «ኸላስ ኡሚ፣ ያላ እንሂድ» አለችኝ።

እኔም አፈርኩ። ገንዘቤ በከንቱ የሄደ መሰለኝ። ቦርሳዬን አንስቼ በመኪናዋ አጠገብ ሳልፍ ግን ጎንበስ አልኩና ስኮርታዋን በጥፍሬ ነካኋት። የእሷ ቀለም አይነሳም። ለስላሳና ወፍራም ነው፣ አንድም ቦታ አልተላጠም። ደህና መሆኑ ይበልጥ አስፈራኝ።

«ይህችም ትፋቅ» አልኩ።

ሰይድ መሳቁን ተወ። ጠጋ ብሎ፣ ሰው ፊት አታዋርጂኝ አለኝ።

«የሐያት አባት፣ ማንም የማያያትን ቸርኬ ማን ምን ብሎ እንዲህ አሳምሮ ቀባት?» አልኩት።

ሽማግሌው ሰምተውኝ ነበርና ራሳቸው አስፈትተው ወሰዷት። የአሸዋው ድምፅ ገና ከመጀመሩ ቆመ። ሰይድን ጠሩት። ጎንበስ ብሎ ሲያይ ቆየና እኔን በእጁ ጠራኝ። ከአንዱ የብሎን ቀዳዳ እስከ ሌላው የሚሄድ ስንጥቅ አለ፤ ብርሃን ያሳልፋል። በስቱኮ ተሞልቶ ከላዩ ተቀብቶ ኖሯል።

ሽማግሌው አሁን አይስቁም። «ጭነት ይዛችሁ ይህችን ብታስሩ ጎማው እናንተን ትቶ ነበር የሚሄደው» አሉ።

በዚህ አላበቃም። ከሠራተኞቹ አንዱ፣ አስበይጄ እሸጣታለሁ፣ በለውጡ ለእናንተ ሌላ ቸርኬ በቅናሽ እሰጣችኋለሁ አለ። ሰይድ ወጪው በዝቶበት ስለነበር ልቡ ሸፈተ። እኔ አይሆንም አልኩ። ነገ ደግሞ በስቱኮ ተሞልታ የሌላ እናት ልጅ በምትሄድበት መኪና ልትታሰር ነው። እዚሁ እያየሁ ካልተቆረጠች አልሄድም ብዬ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ሽማግሌው ትንሽ አዩኝና መቁረጫውን አነሱ። ለሁለት ተከፍላ ቁርጥራጭ ብረት መሃል ስትወድቅ ነው የተነሳሁት። ሌላ ደህና ቸርኬ በሙሉ ዋጋው ገዛን። ለማጠቢያ ማሽኑ ያስቀመጥኩት ገንዘብ በዚያው አለቀ።

ሐጅ ገብቶ ምግብ ጭነን ወደ መካ ስንሄድ ባሕራ ከተማ አካባቢ የኋላ ጎማችን ተነፈሰ። ሰይድ ስኮርታዋን አውርዶ አሰረ። እኔና ሐያት ጥላ ይዘንለት ቆመናል። ብሎኖቹን አጥብቆ ሲጨርስ አልተነሳም፤ መዳፉን ቸርኬዋ ላይ አድርጎ እንደተንበረከከ ቆየ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

«ዘሃራ፣ እስቲ አንዴ በጥፍርሽ ንኪያት» አለኝ።

ነካኋትና መንገዳችንን ቀጠልን።

አሁንም ፈሪ ነኝ። ለውዱእ የሼሁን ምክር ይዤ አልመለስም፤ ጋዙን ግን ዘግቼ ተመልሼ አያለሁ። ልብስም እስከ ዛሬ በእጄ ነው የማጥበው። ሐያት ሳሙናውን እያቀበለችኝ፣ ኡሚ፣ ማሽኑ አይሻልም ነበር ወይ እያለች ትቀልድብኛለች። እኔም ቀሚሷን እየጨመቅኩ «ማሽኑ ቢቀርም የምትለብሰው አለችልኝ» እላታለሁ።